ሦስተኛው ኒሻን

አያቴ ሲሞቱ ሦስት ኒሻን ትተው ነበር። የወረሷቸው የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። አያቴ በሕይወት ሳሉ አንድም ቀን ደረታቸው ላይ አድርገዋቸው አላየሁም፤ በጨርቅ ተጠቅልለው ሣጥን ውስጥ ነበር የሚኖሩት። አጎቴ ግን በየዓመቱ የድል በዓል ሲደርስ ካኪ ኮታቸውን ይለብሱና፣ ሦስቱንም ደረታቸው ላይ ደርድረው፣ ደብረ ታቦር አደባባይ ላይ ከአርበኛ ልጆች ጋር ይሰለፋሉ። እኔም ከምሠራበት መድኃኒት ቤት አስፈቅጄ እወጣና ቆሜ አያቸዋለሁ። የአርበኛ የልጅ ልጅ መሆኔን ማንም ሳይጠይቀኝ የምናገር ሰው ነበርኩ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሰልፉ ሲበተን፣ ጋቢ የለበሱ አንድ ሽማግሌ ወደ አጎቴ ጠጋ አሉና ሦስተኛዋን ኒሻን በጣታቸው ነኳት።

«ይችን አባትዎ ከየት አገኟት?»

«ከጦር ሜዳ ነዋ» አሉ አጎቴ።

«ከጦር ሜዳስ ይሆናል። ግን የእኛ አይደለችም። የጣሊያን ናት።»

ሽማግሌው በክፋት አልተናገሩም። ሰው እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር። አጎቴ ኮታቸውን ቆልፈው ወደ ቤት መንገድ ጀመሩ። እኔም ተከተልኳቸው።

ቤት ገብተን ኒሻኖቹን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋኋቸው። ሁለቱ ላይ የአማርኛ ጽሑፍ አለ። ሦስተኛዋ ላይ ያለው የራስ ቁር የደፋ ሰው ነው፤ ዙሪያው የፈረንጅ ፊደል። ስንት ዓመት ከሩቅ እያየሁ አንዴ እንኳ ቀረብ ብዬ አንብቤያት አላውቅም።

«ከጠላት ማርከዋት ነው» አሉ አጎቴ።

«እሳቸው ነገሩዎት?»

«እሳቸው ስለ ጦርነቱ መቼ ነግረውን ያውቃሉ? ሌላ ከየት ትመጣለች?»

ፎቶ አንስቼ ወጣሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ቀልቤ አልሰበሰብ አለ። መድኃኒት ስሰጥ የሰው ማዘዣ ደጋግሜ አነባለሁ፤ ደንበኛ ሳይኖር ስልኬን አውጥቼ ያንን የራስ ቁር አያለሁ። ታሪክ የሚያስተምር ጎረቤቴን ጠየቅሁት። ጣሊያኖች አብሯቸው ለዘመተ ሰው፣ ለአገር ተወላጅም ጭምር፣ እንዲህ ያለ ይሰጡ እንደነበር ነገረኝ። «ግን ከሬሳ ላይ የወሰዱትም ሊሆን ይችላል» ብሎ ጨመረ፤ ፊቴን አይቶ ሊያጽናናኝ መሰለኝ። ባንዳ የሚለውን ቃል ሁለታችንም አልተናገርነውም።

በመጨረሻ እናቴ ናት መላ ያለችኝ። «ከአባቴ ወገን የቀሩት እማሆይ ብቻ ናቸው» አለች። እማሆይ የአያቴ ታናሽ እህት ናቸው። እኔ ሳልወለድ መንኩሰው፣ ከአዲስ ዘመን ወጣ ብሎ በጣራ ገዳም ግርጌ በአንዲት ጎጆ ይኖራሉ። አጎቴ ልሄድ መሆኑን ሲሰሙ ተቆጡ። «የሞተን ሰው መቆፈር ምን ይጠቅምሻል? ተይው!» አሉ። መተው ቢቻለኝማ እኔም ደስ ባለኝ።

መንገዱ ሰላም ሆነ በተባለ ሰሞን በሚኒባስ ወረታ ወረድኩ፤ ከዚያ ሌላ ተሳፍሬ አዲስ ዘመን፤ ከዚያ በባጃጅ፤ የቀረውን በእግር። እማሆይን ከጎጇቸው ደጅ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ ጆሯቸው ግን ደህና ነው። የማን ልጅ እንደሆንኩ ስነግራቸው ፊቴን በእጃቸው ዳሰሱ። ስልኬን ባሳያቸው ስለማይታያቸው ኒሻኗ ምን እንደምትመስል ነገርኳቸው።

«አልጣላትም ማለት ነው» አሉ።

አያቴን ሁላችንም አንቱ እያልን ነው ያደግነው። እማሆይ «እሱ» እያሉ ማውራት ሲጀምሩ፣ የማላውቀው አንድ ጎልማሳ አጠገባችን የተቀመጠ ያህል ተሰማኝ።

«ወንድሞቼ ሁለት ነበሩ» አሉ። «ታላቅየው ጠላት እንደገባ ጠመንጃውን ይዞ ጫካ ገባ። ጣሊያኖቹ ደግሞ ልጁ የሸፈተበትን ሰው ቤት ያቃጥሉ ጀመር። የጎረቤቶቻችን ቤት ተቃጠለ። ይኸን ጊዜ አባቴ ታናሽየውን፣ ያንቺን አያት ጠራና ‹አንተ ግባላቸው› አለው። ገባላቸው። ደብረ ታቦር ምሽጉ ውስጥ ዘበኛ ሆነ። የእኛ ቤት ሳይቃጠል ቀረ።»

«ሰውስ ምን አለ?»

«ቤተ ክርስቲያን ስንሳለም ከጎናችን የሚቆም ጠፋ። ምን ይላል ሌላ።»

ታላቅየው የሞተው ጠላት ሊወጣ ሲል፣ በመጨረሻው ክረምት ነው። ይፋግ አጠገብ መንገድ ላይ ከጣሊያን ወገን ጋር ተኩስ ገጥሞ ወደቀ። ሬሳውን በበቅሎ ጭኖ እዚያው ይፋግ ቤታቸው ያደረሰው ታናሹ ነበር፤ የጣሊያኖቹን ልብስ እንደለበሰ። ካስቀበረው በኋላ ወደ ምሽጉ አልተመለሰም፤ ጠላት እስኪወጣ ዘመድ ቤት ተደበቀ። ንጉሡ ከተመለሱ በኋላ የሟቹ ኒሻን ሲሰጥ አባታቸው አልጋ ይዘው ስለነበር፣ ቀርቦ የተቀበለው እሱ ነው። ሁለቱንም።

«ሦስተኛዋን ጣላት ብየው ነበር» አሉ እማሆይ። «‹የእኔ እሷ ብቻ ናት› አለኝ።»

ያንን ስሰማ መነሣት ፈለግሁ፤ ግን አንድ ጥያቄ ገና ከአፌ አልወጣም ነበር። ወንድሙ የት እንደወደቀ በምን አወቀ? ያን ቀን እሱስ ከተኳሾቹ ጋር ነበር ወይ?

እማሆይን ጠየቅኋቸው። «አልጠየቅሁትም። አባቴም አልጠየቀው። እኔ ልጅ ነበርሁ፤ የማስታውሰው ከዚያ በኋላ ከእኛ ጋር ከአንድ መሶብ አለመብላቱን ነው። ብቻውን ሲቀርብለት ነበር የሚበላ።»

ደብረ ታቦር ስመለስ ለአጎቴ ሁሉንም ነገርኳቸው። አላቋረጡኝም። ስጨርስ ተነሥተው ወጡ፤ ግቢውን ዞረው ገቡ፤ ተቀመጡ፤ እንደገና ተነሡ።

«ቤቱን አትርፏል» አሉ።

«አትርፈዋል» አልኩ።

«አባቱ ልኮት ነው የሄደው።»

«አዎ።»

ለአባታቸው «እሱ» ሲሉ የሰማሁት ያን ቀን ነው። በር ላይ ሲደርሱ ዞር ብለው፣ «ያን ቀን ነበረ ማለት ነው?» አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው።

ሳምንቱን ጠብቀን አብረን ይፋግ ሄድን። እማሆይ የሟቹን የክርስትና ስም ነግረውኝ ነበር፤ በጸሎት እንዲታሰብ ለቄሱ ሰጠናቸው። መቃብሩን ስንጠይቅ ግን የሚያውቅ አልተገኘም። አንድ የደብሩ ሽማግሌ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተጀርባ ያለውን ሣር አሳዩንና፣ ያኔ የወደቁት እዚህ ወዲያ ወዲህ ነው የተቀበሩት አሉን። ድንጋይ የለ፣ ምልክት የለ። አጎቴ ሣሩ መሀል ደርሰው ቆሙ። ማንን እንደሚረግጡ ስላላወቁ እግራቸውን የት እንደሚያሳርፉ ጨነቃቸው፤ መጨረሻ ላይ በመጡበት ዱካ ወደ ኋላ ወጡ።

በሚቀጥለው የድል በዓል አልተሰለፉም። ባዶ ኮት ለብሰው አጠገቤ፣ ከተመልካቹ ጋር ቆሙ። ኒሻኗን የነኩት ያ ሽማግሌ ከሰልፉ ወጥተው መጡና ለምን እንደቀሩ ሲጠይቋቸው፣ አጎቴ «ኒሻኖቹ የአጎቴ ናቸው። አባቴ ሌላ ነበር» አሏቸው። ሽማግሌው ትንሽ አሰቡና እጃቸውን ጨበጧቸው።

ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃል ብዬ ነበር። ግን አሁን እንቅልፍ ያጡት አጎቴ ሆኑ። ተይ ሲሉኝ የነበሩት ሰው መድኃኒት ቤት ድረስ እየመጡ፣ እንትና የሚባል ሰው አለ፣ አባቱ ከዚያ ምሽግ ነበር አሉ፣ ይሉኛል። እንዲህ ሆኖ ነው ወንዛዬ ፍል ውኃ የወረድነው፤ እዚያ ለወገባቸው ሕመም የሚታጠቡ አንድ አዛውንት ፍለጋ። አዛውንቱ ጥላ ሥር እርጥብ ነጠላቸውን እንደተከናነቡ ተቀብለው አነጋገሩን። አባታቸው ምሽጉ ውስጥ እንደነበሩ አልካዱም። በዚያ ክረምት ወደ ይፋግ የተላኩት ዘበኞች እነማን እንደነበሩ ግን አያውቁም።

«ሁሉም ነው የተላኩት? ወይስ ግማሾቹ?» አሉ አጎቴ።

«እኔ ምኑን አውቄ። አባቴም አላወራኝ።»

አጎቴ ጥያቄውን ቃሉን ለዋውጠው እንደገና ጠየቁ፤ ከዚያም እንደገና። አዛውንቱ በመጨረሻ ቀና ብለው አዩዋቸውና «ነበረ ብልህ ይሻልሃል ወይስ አልነበረም ብልህ?» አሏቸው።

ስንመለስ ሐሙሲት ላይ መኪና ስንጠብቅ አጎቴ አንዴ ተቀምጠው አንዴ ቆመው ነበር። እስቴ አካባቢ አባታቸው ከዚያ ምሽግ የነበሩ አንዲት ባልቴት እንዳሉ ሰምቻለሁ አሉኝ። መቼ እንሂድ አልኳቸው።