ብርድ የመታው ካሜራ

ዛሬ ጠዋት እንጦጦ ላይ ሙሽራ ላነሳ ስል የአባቴ የፊልም ካሜራ አላነሳም አለኝ። የሌንሱ መዝጊያ፣ ሻተሩ፣ የሚሠራው በባትሪ ነው፤ ባትሪው ሲቀዘቅዝ ቁልፉን ብጫነው ባልጫነው ያው ነው። የባሕር ዛፉ ሽታ ከብርዱ ጋር አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ አንድ ጠዋት ትዝ አለኝ።

ልጅ ነበርኩ። አባቴ እንጦጦ ማርያም አጠገብ ሙሽሮች ሊያነሳ ይዞኝ ወጣ። ሙሽሮቹና ሚዜዎቹ ተሰልፈው፣ ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን አስተካክለው ሲያበቁ ካሜራው ጸጥ አለ። አባቴ ባትሪውን አውጥቶ በእጁ መዳፍ ላይ አገላበጠው።

"ብርድ መትቶታል" አለ።

እኛ ቤት ብርድ ለመታው ሰው ጦስኝ ይፈላለታል። ሮጬ ከመንገዱ ዳር እፍኝ ሙሉ ለቀምኩና አመጣሁለት።

"አባዬ፣ ይኼ ይፈላለት።"

ሰርገኛው በሙሉ ሳቀ፤ ሙሽራዋ እንኳ አልቀረችም። አባቴ ግን አልሳቀም። አዝራር የሚያህለውን ባትሪ ብብቴ ሥር ከትቶ፣ "መድኃኒቱስ አንቺ ነሽ፤ አጥብቀሽ ያዢልኝ" አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ በደንብ ባይገባኝም ትንፋሼን ውጬ ቆምኩ። ያ ሁሉ ሰው እኔን ይጠብቅ ነበር።

ጥቂት ቆይቶ የሞቀውን ባትሪ መልሶ ከትቶ ቁልፉን ሲጫነው ካሜራው ቀጭ አለ።

"ምን አድርገህ አዳንከው?" አሉት አንድ ሽማግሌ።

"እኔ አይደለሁም" አለ አባቴ፣ እጁን ራሴ ላይ አድርጎ። "ልጄ ናት።"

"ካስቸገረሽ በስልክ ይሁን" አለችኝ ከሲ.ኤም.ሲ የመጣችው የዛሬዋ ሙሽራ፣ በብርድ እየተንቀጠቀጠች።

ባትሪውን አውጥቼ ብብቴ ሥር ከተትኩት።

"ትንሽ ታገሺኝ" አልኳት። "መድኃኒቱ እኔ ነኝ።"