ጀርባዬን የደበቅኩባቸው ሦስት ሳምንታት

መጀመሪያ ያመመኝ ሳስነጥስ ነው። አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። ፈረንሳይ ለጋሲዮን ካለው ቤታችን በር ላይ ቆሜ የጫማዬን ክር ሳስር አነጠስኩ፤ ከትከሻዬ በታች፣ መሃል አከርካሪዬ ላይ ቢላ የገባ መሰለኝ። ትንፋሼን ይዤ ጠበቅኩ። አለፈ። ከዚያ በፊት በነበረው ልምምድ ወድቄ ስለነበር ሌላ ምክንያት አልፈለግኩም። የትምህርት ቤታችን የቅርጫት ኳስ ሜዳ ሲሚንቶ ነው፤ እዚያ ላይ ወድቆ ያላመመው ተጫዋች አላውቅም።

ስሜ ምህረት ነው። ከክፍሌ ወንዶች ሁሉ እረዝም ስለነበር የሰፈር ልጆች «የስልክ እንጨት» ይሉኝ ነበር። ቁመቴ ለቁም ነገር እንደሚውል ያሳየኝ የስፖርት መምህራችን ኮች ዳዊት ነው። በዚያ ዓመት አንድ የግል ኮሌጅ ለቡድኑ የሚጫወቱ ሴት ልጆችን በነፃ እንደሚያስተምር፣ አሰልጣኙም በትምህርት ቤቶች ውድድር ላይ መጥቶ እንደሚያየኝ ነገረኝ። እኔም ኮሌጅ የምገባው በኳስ ብቻ ነው ብዬ ደመደምኩ። እማዬ ሾላ ገበያ ቅመም እየሸጠች ብቻዋን ነው ያሳደገችኝ፤ የእኔ ሒሳብ ትምህርት ደግሞ እንኳን ለማትሪክ ለክፍል ፈተናም የሚያኮራ አልነበረም።

ሕመሙ ግን አልሄደም። ያኔ መገናኛ ለባቡሩ ተቆፋፍሮ ነበርና ሚኒባሱ ጉድጓድ በመታ ቁጥር ጥርሴን እነክስ ነበር። ጠዋት ስነሳ አንሶላዬ በላብ ርሶ አገኘዋለሁ። ቀበቶዬን ሁለት ቀዳዳ አጠበቅኩ። እማዬ ኳሱ ነው የሚያቀልጥሽ እያለች ሥጋ ስታገኝ ለእኔ ታስቀምጥልኝ ጀመር። ሁለት ወር እንዲህ አለፈ።

እኛ ዘንድ ኳስ ተጫዋች ሲጎዳ መጀመሪያ የሚሄደው ወጌሻ ጋ ነው። ሐኪም ቤት የሚታሰበው ወጌሻው ሲያቅተው ነው። እማዬም ወሰን ሰፈር ውስጥ ከአንድ ጋራዥ ጀርባ ወደሚኖሩት ወደ ጋሽ ተካ ወሰደችኝ። የቡድናችንን ግማሽ ጣትና ቁርጭምጭሚት ያቃኑት እሳቸው ናቸው። ጀርባዬን በቅባት ቀስ አድርገው አሹኝና በሳምንቱ እንድመለስ ነገሩን። በሳምንቱ እማዬ ገበያዋን ትታ መምጣት ስላልቻለች ብቻዬን ሄድኩ።

ያን ቀን ማሸት አልጀመሩም። አውራ ጣታቸውን አከርካሪዬ ላይ ከላይ ወደ ታች አወረዱና አንድ ቦታ ላይ ቆሙ። ደግመው ዳሰሱት። ከዚያ እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ።

«ይሄ ወለምታ አይደለም። አጥንቱ ወጣ ብሏል» አሉኝ። «እኔ ከዚህ በኋላ እጄን አላሳርፍበትም። ዛሬውኑ ለእናትሽ ንገሪያትና ሐኪም ቤት ሂዱ።»

እሺ አልኳቸው። ሚኒባስ ውስጥ ቁጭ ብዬ ቀኑን ቆጠርኩ። ውድድሩ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ሐኪም ቤት ከሄድኩ እረፊ እንደሚሉኝ እርግጠኛ ነበርኩ። እማዬ ማታ ምን አሉሽ ስትለኝ «እየለቀቀ ነው፣ በቅርቡ ይተውሻል አሉ» አልኳት። ሳልንተባተብ ነው ያልኳት። እሳቸው ላይ እምነት ስለነበራት ሁለተኛ አልጠየቀችኝም።

እነዚያን ሦስት ሳምንታት ዳይክሎፌናክ በሚባል የሕመም ማስታገሻ ገፋሁ። የእማዬን ነጠላ አጥፌ በማሊያዬ ሥር ጀርባዬ ላይ አጥብቄ አስር ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ግራ እግሬ ከበደኝ። ነጠላ ጫማ ሳይታወቀኝ ከእግሬ ይወልቅ ጀመር። ፈርቼ ነበር፤ የፈራሁት ግን ኮች ከቡድኑ እንዳያወጣኝ ነው። እንዲህ ያለ ጅልነት በሰው ላይ ባየው ኖሮ እሳደብ ነበር።

ከውድድሩ በፊት ባለው የመጨረሻ ቅዳሜ ኮች እንደ ልማዱ እንጦጦን ሊያስሮጠን ወሰደን። ሽቅቡን እንደምንም ወጣሁት። ቁልቁለቱ ላይ ግራ እግሬ መሬቱን በጥፊ እንደሚመታ ድምፅ ያሰማ ጀመር። ጫማዬ የወለቀ መሰለኝ። ዝቅ ብዬ አየሁ። ጫማዬ እግሬ ላይ ነው። እግሬ ግን አይሰማኝም።

ወደቅኩ። ልነሳ ስል ቀኙም እምቢ አለ። ሱሪዬ ረጠበ። ሽንቴ መምጣቱን አላወቅኩም። ልጆቹ ከበቡኝ። አንዷ ሹራቧን አውልቃ ወገቤ ላይ ጣል አደረገችልኝ። ኮች እግሬን ቆንጥጦ ያምሻል ወይ አለኝ። ሲቆነጥጠኝ በዓይኔ አያለሁ። አላመመኝም። ጩኸት ከየት እንደሚመጣ ያወቅኩት ያኔ ነው።

ተሸክመውኝ ወደ መኪና መንገድ ወረዱ። ከዚያ የመንግሥት ሆስፒታል። ኤክስሬይ። ኤምአርአይ። እማዬ ከሾላ በርበሬ የነካው ሽርጧን ሳትፈታ መጣች። ዶክተሩ ፎቶውን አየና እሷን ብቻ ወደ ኮሪደር ጠራት። ስትመለስ ፊቷን ታጥባለች። «ደህና ነው፤ መድኃኒት አለው ብሏል» አለችኝ። ዓይኔን ግን አላየችኝም።

እኛ አገር ክፉ ወሬ ለታማሚ አይነገርም፤ ለዘመድ ነው የሚነገረው። ይህን ስለማውቅ «ደህና ነው» ስትለኝ ልሞት ነው ብዬ አሰብኩ። የቸርቻችን ሰዎች ሊጸልዩልኝ መጡ። ሲገቡ ያወራሉ፣ አልጋዬ ጋ ሲደርሱ ድምፃቸውን ይቀንሳሉ። ስሜን እየጠሩ ሲያለቅሱ ደግሞ ካንሰር ነው ብዬ ቆረጥኩ። ሁለት ቀን እንዲህ ሆንኩ። ጣሪያ አያለሁ። እግሬን በእጄ እነካለሁ። የሌላ ሰው እግር ነው። አልበላም። ለመጸለይ ስሞክር ከአንድ ዓረፍተ ነገር አላልፍም።

በሦስተኛው ቀን ዶክተሩ ሲመጣ እጁን ያዝኩት። ካንሰር ነው ወይ ብዬ ጠየቅኩት። እማዬ ጭንቅላቷን ነቀነቀችበት፤ እንዳይነግረኝ ነው። እሱ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ካንሰር አይደለም። ቲቢ ነው። የአከርካሪ አጥንት ቲቢ። ሁለት አጥንት አጎሳቁሏል፤ መግሉ ኅብለ ሰረሰርሽን ተጭኖታል። እግርሽን ያሰነፈው እሱ ነው።»

«እሄዳለሁ?»

«አላውቅም። መድኃኒቱን ጀምረናል። የሚቀጥለውን ሁለት ሳምንት እንየው። ካልተሻለሽ ቀዶ ጥገና ይኖራል።»

አላውቅም የሚለው ቃል ከእማዬ «ደህና ነው» ይልቅ አሳረፈኝ። ምን እንደምፈራ ቢያንስ አወቅኩ። ከዚያ ለምን እስካሁን እንደዘገየን ጠየቀ። እማዬ ቀድማኝ፣ ወጌሻው ነው ያዘናጋን፣ እየለቀቀ ነው እያለ፣ አለችው። እኔ አጠገባቸው ተኝቻለሁ። ዝም አልኩ።

አራት ዓይነት መድኃኒት በአንድ ላይ ይሰጠኝ ነበር። ሽንቴ እንደ ሚሪንዳ ብርቱካንማ ሆነ፤ ሪፋምፒሲን የሚባለው ነው እንጂ ደም አይደለም፣ ይህን ያልተነገረው ሰው ይደነግጣልና አስቀድሜ ልንገራችሁ። በየቀኑ ጠዋት ሲስተሯ የቁልፍ ጫፍ በውስጥ እግሬ ላይ እየሳበች ይሰማሻል ትለኛለች። አይሰማኝም። አምስተኛ ቀን አይሰማኝም። ስምንተኛ ቀን አይሰማኝም። በአሥራ አንደኛው ቀን እማዬ እግሬን በፎጣ ስታብሰኝ ድንገት ቆመች።

«ደግመሽ አድርጊው» አለችኝ።

ምን እንዳደረግኩ አላወቅኩም ነበር። የቀኝ እግሬን አውራ ጣት እያየሁ ና አልኩት። ተንቀሳቀሰ። እማዬ ፎጣውን ፊቷ ላይ አድርጋ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

ቀዶ ጥገናው ቀረልኝ። ከሆስፒታል የወጣሁት ጀርባዬን የሚደግፍ ኮርሴት ታጥቄ በክራንች ነበር፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ደግሞ የሚሰለች ጊዜ ነው፣ በየጠዋቱ በባዶ ሆዴ ወደ ጤና ጣቢያ እየሄድኩ፣ ክኒኑን ነርሷ ፊት እየዋጥኩ፣ እሷም አፌን እስክታይ ድረስ ቆሜ እየጠበቅኩ፣ የሰፈር ሴቶች ምን ሆና ነው ሲሉ እማዬ አንዴ ወገቧን ነው አንዴ ነርቭ ነው እያለች። ትምህርቴ አንድ ዓመት ተጓተተ። ኮሌጁ ከቡድናችን ሌላ ልጅ ወሰደ፤ ልትጠይቀኝ ስትመጣ ክራንቼን አልጋ ሥር ደብቄ እንኳን ደስ አለሽ አልኳት።

በአምስተኛው ወር ያለ ክራንች ሾላ ገበያ ድረስ ሄድኩ። እማዬ ጀርባዋን ሰጥታኝ ለደንበኛዋ ኮረሪማ እየሰፈረች፣ የልጄን አከርካሪ የሰበረው የወሰኑ ወጌሻ ነው፣ ልጅሽን እንዳትወስጂ፣ ስትል ሰማኋት። ለአምስት ወር ሙሉ ለገበያው ሁሉ እንዲህ ስትል ከርማለች። ማታ ቤት ስንገባ እውነቱን ነገርኳት። ትቆጣኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን «ስማቸውን የማጠፋው እኔ ነኝ ለካ» አለች። በማግስቱ ሾላ ውስጥ ከመደብ መደብ እየዞረች ዋሽቼ ነበር ብላ ተናገረች፤ ልጄ ዋሽታኝ ነው አላለችም። ከዚያ ሁለታችን ወሰን ሄድን። ጋሽ ተካ ይቅርታችንን ሳያስጨርሱ በግቢያቸው ውስጥ እንድራመድ አዘዙኝና፣ ግራሽን ትጎትቺዋለሽ፣ ተረከዝሽን አስቀድሚ አሉኝ። ደንበኞቻቸው ተመልሰው እንደሆነ ግን አላውቅም። ለመጠየቅ አፍሬ ቀረሁ።

ዓመት ሲሞላ መድኃኒቱን ጨረስኩ። ዶክተሩ አዲሱን ኤክስሬይ መብራቱ ላይ ሰቅሎ ድነሻል አለኝ። ስለ ኳስ ጠየቅኩት። አጥንቶቹ ተደርምሰው እንደተጣበቁ፣ መሄድና ዱብ ዱብ ማለት እንደምችል፣ መዝለልና መጋጨት ግን እንደማይፈቅድልኝ ነገረኝ። ለኮሌጅ ቡድን መቼም አልጫወትም ወይ ስለው መቼም አለኝ። እዚያው ወንበሩ ላይ አለቀስኩ። እሱም አላባበለኝም፤ ስለዚህ አመሰግነዋለሁ። ሒሳብን ከጎረቤት ልጅ ጋር አጥንቼ ኋላ በማትሪክ ውጤት ኮሌጅ ገባሁ፤ እንዴት እንደሆነ አሁንም ይገርመኛል።

ከእንጦጦ ተሸክመው ያወረዱኝን ልጆች፣ ሹራቧን የሰጠችኝን በተለይ፣ ኮችን፣ አፌን ስታይ አንድም ቀን ያልተጸየፈችኝን የጤና ጣቢያዋን ነርስ፣ ጋሽ ተካን፣ ከሁሉም በላይ እማዬንና ፈጣሪዬን አመሰግናለሁ። ይህን የምታነቡት ተመሳሳይ ሕመም ገጥሟችሁ ከሆነ፣ የማይተው የጀርባ ሕመም ከላብና ከክሳት ጋር ከመጣ አታሹት፣ አስመርምሩት። መድኃኒቱን ተሽሎኛል ብላችሁ አታቋርጡ፤ እኔ በአራተኛው ወር ላቋርጥ ነበር፣ ነርሷ ቤቴ ድረስ መጥታ ነው የመለሰችኝ። አስታማሚ ከሆናችሁ ደግሞ ለታማሚው እውነቱን ንገሩት፤ ዝም ስትሉት ከበሽታው የከፋ ነገር ያስባል።

ያን የመጨረሻ ቀን ለዶክተሩ ሌላም ጥያቄ ነበረኝ። ጋሽ ተካ ሂጂ ባሉኝ ቀን መጥቼ ቢሆንስ አልኩት። መልሱን ሊያስቀርልኝ ሲፈልግ ከፊቱ አየሁት፤ ግን ከአልጋዬ አጠገብ ወንበር የሳበ ቀን እንደማይዋሸኝ ያለ ቃል ተስማምተን ነበር።

«ያኔ አጥንቱ ገና ሙሉ በሙሉ አልተደረመሰም ነበር ይሆናል» አለኝ። «ምናልባት ትጫወቺ ነበር።»