ከፊት ያለው መቀመጫ

ነፋስ በበረታ ቁጥር ሽማግሌው ባለሸራዋን ትንሽ ጀልባ ሊከራዩ ከች ይላሉ። የዝናብ ካፖርታቸው የሴት ነው፤ እጅጌው ከክርናቸው ብዙም አያልፍም። ብቻቸውን ሆነው ኋላ ጫፍ ላይ ስለሚቀመጡ ጀልባዋ ቂጧን ውሃ ውስጥ ቀብራ እንደ እርጉዝ ላም ትጎተታለች። የሌሎቹ ጀልባዎች ግን ከውሃው በላይ ብድግ ብለው ይፈተለካሉ።

ጀልባ ጠባቂዋን አንጀቷን በሏት። ዛሬ ገመዱን እየፈታች፣ «አባቴ፣ መጀመሪያ መሃል ይቀመጡ፤ ፍጥነት ስትይዝ ወደ ኋላ ሸርተት ይበሉ። ያኔ ትበራለች» አለቻቸው።

«አውቃለሁ ልጄ። ከባለቤቴ ጋር ስናበራት አይደል የኖርነው!»

«ታዲያ ምነው ወደ መሃሉ መቀመጫ አይጠጉም?»

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ከፊታቸው ያለውን ባዶ መቀመጫ በዚያች አጭር እጅጌ አደረቁት።

«ሰው አለው» አሉ።