አርባ ደብተር የጻፈች እጅ

የአምስተኛ ክፍልን ትምህርት ስምንት ወር ሙሉ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት እኔ ነበርኩ። ከትምህርት ቤት የተባረርኩት ደግሞ ትምህርት አልጻፈችም ተብዬ ነው። በደሌ ይኸው ነው። ሳልሞት በጽሑፍ እንዲቀመጥልኝ እፈልጋለሁ፤ የምጽፈውም በዚያችው እጄ ነው።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ ጠመኔ ነው። በቀደም እሑድ ከሰዓት በኋላ የልጅ ልጄ መቐለ ሓወልቲ ሰፈር ባለው ቤታችን ሶፋ ላይ ጋደም ብላ ስልኳን ትነካካ ነበር። አስተማሪ ከሆነች ገና ሁለት ወሯ ነው። ቦርሳዋ ወለሉ ላይ ተከፍቶ ስብርባሪ ጠመኔ ከውስጡ ተንከባለለ። ላነሳው ጎንበስ ስል ሽታው አፍንጫዬ ገባ፤ ደረቅ፣ ጉሮሮ የሚይዝ ሽታ።

«ለነገ ምን አዘጋጀሽ?» አልኳት።

«ዓባየይ ደግሞ፣ ምን አስጨነቀሽ» አለች ዓይኗን ከስልኩ ሳታነሳ። አያቷ ነኝና ዓባየይ ነው የምትለኝ። «ጽሕፈቷ የሚያምር ልጅ አለችኝ። መጽሐፉን እሰጣታለሁ፣ ሰሌዳው ላይ ትገለብጥልኛለች።»

ጠመኔውን እጇ ላይ አደረግኩና አስነስቼ ግድግዳው ፊት አቆምኳት። «ክንድሽን ወደ ላይ አንሺ። በቃሽ እስክልሽ እንዳታወርጂ።» ቀልድ መስሏት ሳቀች። እኔ ግን ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና የመምህሬን ነገር ጀመርኩላት።

ባዶ እጁን ነበር የሚመጣው። ረጅም፣ ጫማው ሁልጊዜ የሚያብረቀርቅ፣ ከኮቱ የሲጋራና የፀጉር ቅባት ሽታ የማይጠፋ የመቐለ ሰው ነበር። በሩ ላይ ቆሞ ጣራውን እያየ «እ... የት ነበር ያቆምነው?» ይለናል። ተንኮለኞቹ ያለፈውን ሳምንት ምዕራፍ ይነግሩታል፤ እሱም ይቀበላቸዋል። የዓባይን ገባሮች ሦስት ጊዜ ተምረናል። ስለ ደም ዝውውር ግን አንድም ቀን አልተማርንም።

ሁሉም እንደሱ ነበሩ አልልም፤ እንዲህ ብል በደለኛዋ እኔ እሆናለሁ። የሒሳብ መምህራችን ለዕለቱ የሚበቃውን ጠጠር ለቅሞ በቆርቆሮ ይዞ ይገባ ነበር። ክፍልፋይ ሲያስተምረን የእያንዳንዳችን መዳፍ ላይ ጠጠር ነበር። ዛሬም ሦስት ሩብ ሲባል መዳፌን ይቀዘቅዘኛል።

የዚያ ባዶ እጁን የሚመጣው መምህር ጠጠር እኔ ነበርኩ። መስከረም ላይ ደብተሬን አየና «ጽሕፈትሽ ያምራል፣ ነይ ጻፊ» ብሎ መጽሐፉን ሰጠኝ። መጽሐፉ ያለው አንድ ብቻ ነው። ክብር መስሎኝ እየሮጥኩ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ በእሱ ክፍለ ጊዜ ተቀምጬ አላውቅም። እሱ ግቢው ውስጥ ከዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂው ጋር ያወራል፤ ሳቁ በመስኮት ይገባል። ነፋስ ሲነሳ የጣራው ቆርቆሮ ይንኳኳል። ፀሐይዋ ከሰሌዳው ግራ ተነስታ ቀኝ እስክትደርስ እጽፋለሁ፤ ጠመኔው ዓይኔ ውስጥ ይረግፋል፣ ምላሴ ላይ ይለጠፋል። ከኋላዬ አርባ እስክሪብቶ ይንሿሿል። ደወል ሲደወል የሚቀጥለው መምህር ገብቶ ያጠፋዋል። እኔ ወደ ወንበሬ ስመለስ ሰሌዳው ጥቁር፣ ደብተሬ ነጭ ነው።

መጀመሪያ ላይ አጠገቤ ከምትቀመጠው ልጅ ደብተር ተውሼ እገለብጥ ነበር። በኋላ ከለከለችኝ። «ሰሌዳው ያንቺ ነው፣ ደብተሩ የኛ» አለችኝ፤ ነገሩ ለክፍሉ መቀለጃ ሆነ። ለመምህሩ ብነግረው «አንቺ ስትጽፊው በቃልሽ ይዘሽው የለ? ደብተር ምን ያደርግልሻል?» አለኝ። እውነቱን ነው፣ በቃሌ ይዤው ነበር።

የልጅ ልጄ ክንድ በዚህ ጊዜ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳቋ ካቆመ ቆይቷል። «ዓባየይ ደከመኝ» አለች። «ገና ሰባት ደቂቃሽ ነው፤ ክፍለ ጊዜው አርባ ነው» አልኳት።

ግንቦት ላይ ከአዲስ አበባ ተቆጣጣሪ መጣ። መምህሩ ከግቢው ሲያየው ሮጦ ገባ፣ የጻፍኩትን በኮቱ እጅጌ ጠራርጎ አጠፋ፣ ጠመኔውን ከጣቴ ነጠቀና «ተቀመጪ» ብሎ ገፋኝ። ተቆጣጣሪው ወፍራም መነጽር ያደረገ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነበር።

«የዕለት ዕቅድዎን ያሳዩኝ» አለው።

«ዛሬ... ቤት ረስቼው ነው ጌታዬ።»

«እንግዲያው የልጆቹን ደብተር ልይ።»

በየረድፉ እየዞረ ገለጠ። «ጥሩ ነው። ይኸም ጥሩ ነው» እያለ መጣ። የመምህሩ ፊት እየተፈታ ሄደ። ጥሩ የተባለው ሁሉ ከእጄ የወጣ ነበር። እኔ ጋ ደረሰ። ደብተሬ በጋዜጣ የተሸፈነ፣ ስሜ በቀይ የተጻፈበት ነበር። ገለጠ፣ ገለጠ፣ እስከ መጨረሻው ገለጠ። ከዚያ ክንዴ ድረስ የነጣውን እጄን አየ።

«ይህቺ ልጅ ከወፍጮ ቤት ነው የመጣችው?» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ብድግ አልኩ። አማርኛ አውቅ ነበር፤ ስምንት ወር ሙሉ የጻፍኩት በአማርኛ ነው። ያን ሰዓት ግን አንዲት ቃል እንኳ አልመጣልኝም። ጣቴን ወደ ሰሌዳው ቀስሬ በቤታችን ቋንቋ «ኣነ እየ ጽሒፈዮ» አልኩ። ሰሌዳው ላይ ያለው የእጅጌ ዱካ ብቻ ነበር።

ተቆጣጣሪው ትግርኛ አያውቅም። ወደ መምህሩ ዞሮ «ምንድን ነው የምትለው?» አለው።

መምህሩ ለአፍታ አየኝ። ከዚያ ዓይኑን አነሳና «ሰንፌ ነው፣ አልጻፍኩም ነው የምትለው» አለ።

የተናገርኩትን ገልብጦ ነበር የተረጎመው። አርባ ልጅ ሰማ። አርባውም ሁለቱንም ቋንቋ ያውቃል። አንድ ስንኳ አልተነፈሰም። አጠገቤ ያለችው ልጅ በጽሕፈቴ የተሞላውን ደብተሯን ቀስ ብላ ዘጋችው።

በማግስቱ አባቴ ተጠራ። ድንጋይ ጠራቢ ነበር፤ አቧራው ቅንድቡ ላይ እንዳለ መጣ። ተባራለች ብለው ደብተሬን ሰጡት። ማንበብ አይችልም፤ ባዶ ገጽ ግን ማንበብ ለማይችልም ይነበባል። መንገድ ላይ «ስምንት ወር ምን ስትሠሪ ከረምሽ?» አለኝ። «ስጽፍ» አልኩት። በጥፊ መታኝ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም መትቶኝ አያውቅም። «ስንፍናውን እችለው ነበር፤ ውሸቱን አልችልም» አለ። በሳምንቱ ከሱ ጋር ድንጋይ ወደሚጠረብበት ቦታ ውኃ አመላልስ ጀመር። አባቴ ውሸታም ልጅ እንዳለችው አምኖ ሞተ።

«አሁን አውርጂ» አልኳት የልጅ ልጄን። ክንዷ ወደቀ። እያሸችው ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ አላባበልኳትም። «ክፍልሽ ውስጥ ያሉት ልጆች በጦርነቱ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ዓመታት ቤት የተቀመጡ ናቸው። አንቺ ሳትዘጋጂ ስትገቢ ደግሞ እንደገና ትዘጊባቸዋለሽ» አልኳት። ጠረጴዛው ጋ ሄዳ መጽሐፏን ከፈተች።

ለሷ ያልነገርኳት ግን አለ። አምና ለዓይኔ ዓይደር ሆስፒታል ተራ ይዤ ተቀምጫለሁ። አጠገቤ አንድ ሽማግሌ በከዘራው ተደግፎ ስለ ድሮ ዝናብ ለሰዎቹ ያወራል። ነርሷ መጥታ ካርዱን ጠየቀችውና ሰጣት። እሷ ስትሄድ ወደ ሰዎቹ ዞሮ «እ... የት ነበር ያቆምነው?» አለ።

ጫማውን አየሁ። ያበራል።

«መምህር» አልኩት፣ «ኣነ እየ ጽሒፈዮ።»

«ምን አልሽኝ ኣደይ?» አለ። ለእናት በሚባለው ስም ነው የጠራኝ፤ አላወቀኝም። እጄን ዘርግቼ መዳፌን አሳየሁትና ያንኑ ደገምኩለት። መዳፌን ትኩር ብሎ አየው።

«ጽሕፈትሽ ያምር ነበር» አለ።

«እሱን አልጠየቅኩዎትም። ለምን እንደዚያ አሉ?»

«ዕቅድ ጠየቀኝ። አልነበረኝም። የምትጽፈው እሷ ናት ብዬ ብነግረው፣ አንተስ ምን ስትሠራ ነበር አይለኝም? ከሥራዬ ያባርረኝ ነበር።»

«እኔን አባረሩኝ።»

ነርሷ ስሙን ጠራች፤ አልተነሳም። ከረድፉ ያሉት ሰዎች ወሬያቸውን አቁመው ያዩናል።

«እንግዲያው አሁን ይተርጉሙልኝ» አልኩት። «በአማርኛ፣ ያኔ እንደተጠየቁት። ምንድን ነው የምትለው?»

ከዘራውን ተደግፎ ቆመ። ባርኔጣውን አወለቀ። ወደ እኔ አልዞረም፤ ተቆጣጣሪው እዚያ የቆመ ይመስል ፊቱን ወደ በሩ አደረገ።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» አለ፣ «ነው የምትለው፣ ጌታዬ።»