ጳጳስ እስኪገኝ

ይህን የምጽፈው አንድ በደል ተጽፎ እንዲቀር ስለምፈልግ ነው። እዚህ ቴክሳስ ጽዳት እሠራበት በነበረው የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ትልልቆቹ ሰዎች «ጳጳሳችን ማን ይሁን» እያሉ ሦስት ዓመት ሲሟገቱ ልጆቹን ደጅ አስጠኑ። ከልጆቹ አንዷ የልጄ ልጅ ሶልያና ናት። እስከ ዛሬ ይቅርታ የጠየቃት የለም። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አያልፍም፤ አድልዎን ለማወቅ ግን ስድስተኛ ክፍል ይበቃል።

ሥራ የጀመርኩ ቀን የተቀበሉኝ ቄሱ ናቸው፤ ፋዘር ዳግ ይባላሉ። ከዚያ በፊት ዲኤፍደብሊው በሚባለው አውሮፕላን ማረፊያ ሽንት ቤት አጸዳ ስለነበር «ሥራው ይከብዳል» ሲሉኝ ሳቄን ዋጥኩት። እየዞሩ አሳዩኝ። የናሱ መቅረዝ በምን እንደሚወለወል፣ የመሠዊያው ጨርቅ ላይ የፈሰሰ ሰም በበረዶ ደርቆ እንደሚፋቅ፣ የቀረው ደግሞ ወረቀት ተደርጎበት በካውያ እንደሚነሣ ነገሩኝ። መጨረሻ ላይ መሠዊያው አጠገብ ያለ ትልቅ የእንጨት ወንበር ጋ ቆሙ።

«ይህ የጳጳሱ ነው። አቧራውን ብቻ ይጥረጉ። ማንም አይቀመጥበትም፤ እኔም ጭምር።»

«ጳጳሱ መቼ መቼ ይመጣሉ?»

«በዓመት አንዴ።»

በዓመት አንዴ ለሚቀመጥ ሰው በየሳምንቱ መጥረግ! ግን ሥራ ነው፤ ጠረግሁ። የሥራ መደቤን ሴክስተን ይሉታል። በኔ ትርጉም፣ ሁሉን የምትሠራ ግን ለስብሰባ የማትጠራ ሰው ማለት ነው።

ልጄ ቅዳሜና እሑድ ሆስፒታል ስለምትሠራ ሶልያናን ከምንኖርበት ከሜስኪት ይዣት እመጣ ነበር። እዚያው ሻማ መያዝ ጀመረች፣ ከዚያ መዘምራን ውስጥ ገባች። በአንድ ቤት ሦስት ቤተ ክርስቲያን ሆንን፤ እኔ ኦርቶዶክስ፣ ልጄ ጴንጤ፣ የልጅ ልጄ አንግሊካን። ልጄ ተቆጣች።

«እማዬ፣ አንቺ ነሽ የወሰድሻት!»

«እኔ የወሰድኳት ቫኪዩም እንድትገፋልኝ ነው» አልኳት።

ሶልያና አሥራ አምስት ዓመት ሲሆናት ኮንፈርሜሽን ለመቀበል ተመዘገበች። ጳጳሱ በልጁ ራስ ላይ እጁን ጭኖ የሚጸልይበት ሥርዓት ነው፤ ልጁ በራሱ አፍ «አምናለሁ» ብሎ የቤቱ ሙሉ አባል ይሆናል። ቄስ አይፈጽመውም። የግድ ጳጳስ ያስፈልጋል። ነገሩ ሁሉ የተበላሸው እዚህች ላይ ነው።

የአካባቢው ጳጳስ በጋብቻ ሥርዓት ላይ አንድ ውሳኔ ወሰኑ። ምእመናኑ ወግ አጥባቂ ናቸው፤ «ይህ ከመጽሐፍ ቅዱስ ውጭ ነው፣ ከእንግዲህ በኚህ ሰው ሥር አንተዳደርም» አሉ። በሃይማኖቱ ነገር እኔም ከነሱ ብዙ አልርቅም። ቅሬታዬ ሌላ ነው።

የመጀመሪያው ጦርነት በጸሎት ላይ ተነሣ። በየእሑዱ «ስለ ጳጳሳችን ስለ እገሌ» ተብሎ ስም ይጠራል። ስሙ ላይ ሲደርሱ ግማሹ ሰው ጮክ ብሎ ይጠራል፣ ግማሹ ያስላል። በጋ ነው፣ ጉንፋን የያዘው ሰው የለም፤ እዚያች ቦታ ላይ ብቻ ሁሉም ሳንባው ይታመማል። እኔ ከኋላ ቆሜ ሳቄን አፈንኩ። በቅዳሴ የማን ፓትርያርክ ስም ይጠራ በሚል የኛም ሰዎች በአሜሪካ ተለያይተው፣ አንዳንዱ «ገለልተኛ ነኝ» ብሎ ሲቀመጥ አይቻለሁ። ፈረንጅ ይህን ከኛ የተማረ ነው የሚመስለው።

ክሊንት የሚባል የጥርስ ሐኪም አለ፤ እኛ የሰበካ ጉባኤ ሊቀ መንበር የምንለው ዓይነት ነው። እንግሊዝኛ አንቺና እርስዎን ባይለይም የፋዘር ዳግን ንግግር እንደ እርስዎ፣ የክሊንትን እንደ አንቺ ነው የሰማሁት። ስሜን አሳጥሮ ሚስ ቲ ይለኛል። አንድ ሰኞ ጠራኝ።

«ሚስ ቲ፣ መንገድ ዳር ካለው ሰሌዳ ላይ የጳጳሱን ስም አንሺ።»

«በምትኩ ማንን ላድርግ?»

«ገና አልተወሰነም።»

«መስመሩ ባዶ ይሁን?»

«ባዶ አይሁን፣ ያስጠላል። የቅዳሜውን ቁርስ አድርጊበት።»

እንዳዘዘኝ ስሙን ብቻ አንሥቼ በቦታው የቁርሱን ፓንኬክ ጻፍኩ። ሳምንቱን ሙሉ በመኪና የሚያልፍ ሁሉ «ጳጳሳችን፦ ፓንኬክ» የሚል አነበበ። ክሊንት ሲያየው ፊቱ ቀላ። እኔ ግን ከዚያ በኋላ ከተባሉት ስሞች ሁሉ የተስማሙት በእሱ ብቻ ነው እላለሁ።

ሶልያና ትምህርቱን ጨረሰች። ጳጳሱ ሊመጡ ሳምንት ሲቀራቸው እንዳይመጡ ተነገራቸው። ክሊንትን መኪና ማቆሚያው ላይ ያዝኩት።

«ልጆቹስ?»

«ሚስ ቲ፣ አሁን በጥሞና የእግዚአብሔርን ፈቃድ የምንፈልግበት ጊዜ ነው።»

«እናንተ ፈልጉ። ልጅቷ ግን ፈልጋ አግኝታ ጨርሳለች።»

«ታገሺ» አለኝና መኪናውን አስነሣ።

ከዚያ ስብሰባ ሆነ። አዳራሹን የማዘጋጅ እኔ ነኝ፤ ታጣፊ ወንበር እደረድራለሁ፣ ቡናውን በትልቁ ማፍያ አፈላለሁ፣ ሲጨርሱ የዶናት ፍርፋሪ እጠርጋለሁ። አንዱ «ከጳጳሱ ጋር እንቆይ፣ ግን ሌላ ጳጳስ ይጎብኘን» ይላል፤ ሌላው «ጨርሰን እንውጣ» ይላል፤ ሦስተኛው ሕንጻው የማን እንደሚሆን ጠበቃ እንዲጠየቅ ይፈልጋል። አንድ ቀን ቡና እየቀዳሁ ጮክ ብዬ «ልጆቹን ማን ይባርካቸው?» አልኩ። አንዲት ሴትዮ «ደግ ነሽ፣ ትንሽ ክሬም ጨምሪልኝ» አለችኝ። በሚቀጥለው ስብሰባ ቡናውን አስቀምጬ እንድወጣ ተነገረኝ።

በሁለተኛው ዓመት ልጆቹ ትምህርቱን እንደ ገና ከሀ እንዲጀምሩ ተደረገ። በሦስተኛው ዓመት ሶልያና በቃሏ ስለያዘችው አስተማሪዋ በቀረች ቁጥር እሷው ታስተምር ነበር።

«እማማ፣ ማለቴ... እኔ እኮ ክላሱን ሁለቴ ፓስ አድርጌያለሁ። ለምንድን ነው ኢግኖር የሚያደርጉኝ?» አለችኝ።

እኔ መልስ ሲጠፋኝ እቆጣለሁ፤ ያን ቀን ናሱን እስኪያንጸባርቅ ፈተግሁት።

በመጨረሻ ከምሥራቅ አፍሪካ አንድ ጳጳስ በሥሩ ሊያስተዳድራቸው ተስማማ። ጳጳስ ጎረቤት እያለ ውቅያኖስ አሻግረው አመጡ። በዚያ ሰሞን እኔም ድንገት ተፈላጊ ሆንኩ። ክሊንት ወጥ ቤት ድረስ መጣ።

«ሚስ ቲ፣ አንቺ አፍሪካዊት ነሽ። ምንድን ነው የሚበሉት?»

«እነማን?»

«ጳጳሱ።»

«ክሊንት፣ አንተ ቴክሳስ ነህ። አላስካ ያለ ሰውዬ ዛሬ ቁርሱን ምን በላ?»

ያም ሆኖ «ቤታቸው እንዲመስላቸው» ብሎ አውሮፕላን ማረፊያ ይዞኝ ሄደ። ስንመለስ በክሊንት ፒክአፕ ጳጳሱ ከሱ ጎን ከፊት ተቀመጡ፣ እኔ ከኋላ። እሳቸው ስዋሂሊ፣ እኔ አማርኛ፤ ክሊንት ግን መቼ እንደምንግባባ በመስታወት እያየ ይጠብቃል። በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ቀጥታ ጠየቅኋቸው።

«አባታችን፣ እሑድ ልጆቹን ይባርኩልናል?»

ጳጳሱ ወደ ክሊንት ዞሩ። «የትኞቹን ልጆች?»

«ከድሮው ጳጳስ ጋር ያለን የሕንጻው ክስ ፍርድ ቤት ነው» አለ ክሊንት። «ጠበቆቻችን ክሱ እስኪያልቅ ድረስ በሕንጻው ውስጥ ጳጳሱ ምንም ሥርዓት እንዳይፈጽሙ ብለዋል። መስበክ ይችላሉ።»

«በሕንጻው ውስጥ ነው የተከለከለው?» አልኩ።

«አዎ።»

«እንግዲያው ልጅቷን ልጥራትና እዚሁ ፒክአፕ ውስጥ እጃቸውን ይጫኑላት። ክሊንት፣ ፍሬቻ አብራና ዳር ያዝ።»

ክሊንት የአውራ ጎዳናውን መውጫ ሳተው። ጳጳሱ ተንፈቅፍቀው ሳቁ። ሳቃቸውን ሲጨርሱ ግን ፊታቸውን አዙረው «ማማ፣ እኔ እንግዳ ነኝ። የጋበዘኝን ሰው ሥርዓት ማፍረስ አልችልም። በሚቀጥለው ጊዜ» አሉኝ። ደግ ሰው ናቸው። የሚቀጥለው ጊዜ አልመጣም።

ክሱ አልቆ ሕንጻው ለነሱ ቀረ። የሩቁም የቅርቡም ቀርተው እዚሁ አሜሪካ ሌላ ጳጳስ ተሾመላቸው። ክሊንት እየሮጠ መጣ።

«ሚስ ቲ! ጳጳስ አገኘን! እሑድ ልጆቹን ይባርካሉ። ሶሊን አምጪያት!»

ሶልያና ያኔ ሪቻርድሰን ከተማ ዩኒቨርሲቲ ገብታ እዚያው ትኖር ነበር። ደወልኩላት።

«ጳጳስ ተገኝቷል፣ ነይ።»

«እማማ፣ አልመጣም። አልተናደድኩም፣ ኦኬ? ግን ስፈልገው እነሱ ቢዚ ነበሩ። አሁን እኔ... ማለቴ፣ አይናፍቀኝም።»

ከዚያ በፊት አልቅሼ የማላውቅበት ዕቃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። እኔ የማልቀበለው ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ የሷ ግን ነበር።

እሑድ ጳጳሱ መጡ፣ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ክፍል ልጆች የመጣ አልነበረም። ክሊንት አዝኖ «ምን አጎደልን? መዝሙሩ ነው እንዴ?» አለኝ፤ ወጣቶች ለምን እንደሚርቁ የሚያጠና ኮሚቴም አቋቋመ። ወንበር ደረደርኩላቸው።

በዚያ ዓመት ጡረታ ወጣሁ። በዚህ ሥራ ለምትገቡ የምነግራችሁ ይህን ነው፤ ጠብ ያለበት ቤት ከተቀጠራችሁ፣ ማን ትክክል እንደሆነ ሳይሆን በጠቡ መሐል የትኛው ሥራ ሳይሠራ እየቀረ እንደሆነ ጠይቁ። የሚመልስላችሁ እስኪገኝም ጠይቁ።

እኔ በመጨረሻው የሥራ ቀኔ ፋዘር ዳግን ቢሯቸው ገብቼ ጠየቅኋቸው። ክሊንትን አላምነውም፤ እሳቸው ግን አይዋሹም።

«ቡናዬን አስቀምጬ ከወጣሁ በኋላ በነበረው ስብሰባ ሁሉ፣ በሩ ተዘግቶ፣ የነዚያ ልጆች ነገር ተነሥቶ ያውቃል?»

መነጽራቸውን አወለቁ። ረጅም ጊዜ አሰቡ፤ አንድ ቀን እንኳ ለማግኘት የእውነት እየፈለጉ ነበር።

«አያውቅም» አሉኝ።