ፈረሰኛዋን ማን በላት?

እኔንም በቅሎዬንም የያዙን ባንድ ቀን ነው። ከአዲ አርቃይ ማር ጭኜ ጎንደር ስገባ፣ ፒያሳ ሳልደርስ አብዮት ጠባቂዎች አስቆሙኝ። በረሃ የገቡትን ልጆች አብልተሻል አሉኝ። እኔ ያበላሁትን ሰው መች ጠይቄ አውቃለሁ። የመጣ ይበላል። "ስማቸውን አውጪ" ሲሉኝ "ርቧቸው ነበር እንጂ ስማቸውን አልነገሩኝም" አልኩ። እኔን ወደ እስር ቤት፣ በቅሎዬን ደግሞ "ለአብዮቱ" ብለው ወደ ሌላ ነዱን። በቅሎዬ ዞራ አየችኝ። ማሩማ የት እንደገባ እግዜር ይወቀው፤ አሁን የማወራው ስለ ማር አይደለም።

ክፍሏ ጠባብ ናት። የጭቃ ግድግዳ፣ አንዲት ከፍ ያለች መስኮት፣ በሩ ሥር አንድ ባልዲ። የባልዲውን ሥራ አፍንጫ ቀድሞ ይናገራል። አዲስ ገቢ ከባልዲው አጠገብ ትተኛለች፤ ሌላ አዲስ ሲያመጡ እሷ አንድ ቦታ ገፋ ትላለች። ልክ እንደ ሹመት ነበር። እኔም እየተሾምኩ እየተሾምኩ ግድግዳው ጋ ደረስኩ።

የክፍሉ አለቃ፣ ካቦ የምንላት፣ ድምፀ ወፍራም ሴት ናት። ከከተማው ትምህርት ቤት ያመጧት ቀጭን የእንግሊዝኛ መምህርት ደግሞ አለች። ቲቸር እንላታለን። ሥራ ፈትታ መቀመጥ አልሆንልሽ አላትና አንድ ቀን "ዝም ብለን ከምንቀማመል እንግሊዝኛ ላስተምራችሁ። በምን ልጀምር?" አለች።

"በሌባ ጀምሪ" አለቻት ጠላ ሻጯ። ከእንፍራንዝ ያመጧት፣ ምላሷ የማያርፍ ሴት ናት። "እንደ ሌባ አጉረውናል፤ የየትኛው ዓይነት እንደሆንን እንወቀው እንጂ።"

እንዲያ ሆኖ ፊደል ሳልቆጥር እንግሊዝኛው ቀደመኝ። ሳይታይ የሚወስድ ስቲል አደረገ። ፊት ለፊት አስፈራርቶ የሚወስድ ሮብ አደረገ። ስቲል የሚደረገው ዕቃው ነው፣ ሮብ የሚደረገው ግን ባለቤቱ ነው። ባፉ የሚያታልል ቺት። ብዙ መክሮ፣ ብዙ አስቦ ሰው የሚያራቁት ስዊንድል። ጥቂት በጥቂት የሚቆነጥር ፒልፈር። አደራ የተቀበለውን የበላ እንደሆነ ደግሞ ኢምቤዝል።

"ቲቸር፣ በቅሎን ለአብዮቱ ብለው ሲወስዱስ?" አልኳት።

በሩን አየች። "እሱ ገና ነው እትዬ" አለች። "ወደፊት እንደርስበታለን።"

ፋሲካ መጣ። እህቴ ቀበሌ ለቀበሌ ለምና ባገኘችው ዶሮ ወጥ ሠርታ ላከችልኝ። ስንቅ ሲመጣ በር ላይ ያለው ዘበኛ ይቀበላል፣ ክዳኑን ከፍቶ በእንጨት ያማስላል፣ ከዚያ የኛ ተቀባይ ሄዳ ታመጣለች። ተቀባያችን ጠላ ሻጯ ናት። ይቺን ሥራ የወደደችበትን ሁላችንም እናውቃለን። ልጇ ከአጥሩ ማዶ ትቆማለች፤ በዘበኛው ትከሻ ላይ አሻግራ ታያታለች። ከዚያች እይታ በቀር ሌላ ምንም የላት።

ካቦ ወጡን ልታካፍል ክዳኑን ከፈተች። መላላጫው አለ፣ ክንፉ አለ፣ አንገቱ አለ። በጭልፋዋ ወዲህ አለች፣ ወዲያ አለች።

"ፈረሰኛዋ የታለች?"

ሁሉም ዓይን ጠላ ሻጯ ላይ ዐረፈ።

"ምነው እኔን ታዩኛላችሁ?"

"ያመጣሽው አንቺ!" አለች ካቦ። "በይ ቲቸር፣ ያደረገችው የቱ ነው?"

ቲቸር አሰብ አደረገች። "እጇ ከገባ በኋላ ከሆነ አደራ ነው። ኢምቤዝል።"

"ይኼን የሚያህል ስም? ለአንድ ብልት ሥጋ?" ጮኸች ጠላ ሻጯ። "ስቲል ይበቃኛል!"

ካቦ ግን ቀልድ አታውቅም። "ከዛሬ ጀምሮ ባልዲው ጋ ትተኛለች። ተቀባይነቱም ይነሳ።"

የሴትዮዋ ፊት ተለወጠ። "ባልዲው ጋ አስተኙኝ። ከፈለጋችሁ ባልዲው ውስጥ አስተኙኝ። ተቀባይነቱን ግን ተዉልኝ፣ በትንሣኤው!" እንባዋ መጣ። ወዲያው ደግሞ ቁጣዋ እንባዋን ቀደመው። "ደግሞስ ብሰርቅ ፈረሰኛ እሰርቃለሁ? እናንተዬ፣ እኔ ፈረሰኛ ቀምሼ አላውቅም! መጀመሪያ ለባሌ፣ ባሌ ሲሞት ለወንድሜ፣ ወንድሜ ሲዘምት ለነፍስ አባቴ። እጄ ራሱ አይደፍራትም። እኔ ብሰርቅ ክንፍ ነው የምሰርቅ!"

ሳቅን። ከዚያ ሳቁ በየአፋችን ላይ ቀረ። ካቦ ጭልፋዋን እንደያዘች "እኔም ቀምሼ አላውቅም" አለች፣ በቀስታ። እኔም አላውቅ። ስንት ዶሮ ሠርተን፣ ስንቱን በልተን፣ ያቺን የቀመሰ ጠፋ።

ቲቸር ጉሮሮዋን ጠረገች። "እኔ በልቻለሁ።"

ዞረን አየናት።

"ባል የለኝ። ዶሮዋን የምገዛም እኔ፣ ፈረሰኛዋን የምበላም እኔ።"

"እንግዲያ ሌባዋ አንቺ ነሻ!" አለች ካቦ።

"ከዚህ ክፍል መች ወጥቼ?"

እውነቷን ነው። እንግዲህ በውጭው በርና በኛ በር መካከል፣ ፈረሰኛ መብላት የለመደ ማን አለ? ካቦ ቀስ ብላ ወደ በሩ ሄደችና በሽንቁሩ አየች። ከዚያ በእጇ ጠራችኝ። ዘበኛው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ደልቶት፣ ጥርሱን በስንጥር ይጎረጉራል።

"ዘበኛ ሲሆንስ ምን ይባላል?" አለች ካቦ በሹክሹክታ።

"ያው ኢምቤዝል። እሱም አደራ ተቀባይ ነው።"

"በይ ውጪና ንገሪው።"

ማን ይነግረዋል? ከተቆጣ ስንቁንም ይከለክላል፣ ልጅቱንም ከአጥሩ ያባርራል። ቁጭ ብለን መከርን። እኔ መቼም ሰው ማብላት እንጂ ሌላ ብልሃት የለኝ፣ "እንስጠው" አልኩ። ጠላ ሻጯ በማግስቱ ሳህን ልትመልስ ስትወጣ፣ ዘበኛው እየሰማ ለልጇ ጮኸችላት፦

"ለዳግማይ ትንሣኤ ዶሮ ከተገኘ ፈረሰኛዋን ለብቻ አድርጉና ለአያ ዘበኛ ስጡልን! እስረኞቹ ጋብዘውዎታል በሉ!"

ለዳግማይ ትንሣኤ ዘበኛው ራሱ በራችን ላይ መጣ። ባንድ እጁ ድስት፣ በሌላው ፈረሰኛዋ ያለችባት ትንሽ ሳህን። ዓይኑ መሬት ላይ ነው።

"ይኼ የናንተ ነው" አለ።

"የለም፣ የአንቱ ነው" አልኩት። "ሰጥተንዎታል። ሸጋ አርገው ይብሉ።"

ሳህኑን አየ፣ እኛን አየ። ምራቁን ሲውጥ ጉሮሮው ወጣ ገባ አለ። "ጠግቤያለሁ" አለና አስቀምጦ ሄደ።

"ቺት" አለች ቲቸር።

ባልዲው እስኪንቀጠቀጥ ሳቅን። ከዚያ ወዲያ አንዲት ብልት አልጎደለችብን፤ ልጅቱም ከአጥሩ ማዶ መቆሟን አልተወችም። ፈረሰኛዋን ካቦ በጥፍሯ ቆራርሳ ለሁላችን አደለችን። ጠላ ሻጯ አላመጠች፣ ጣሪያውን እያየች።

"ለዚች ነው እንዴ ወንዶቹ እንዲያ የሚጎማለሉት?"

ክረምት ሲገባ አንድ ጠዋት ቲቸርን "ከነዕቃሽ ውጪ" አሏት። ነጠላዋን አጣጥፋ ለጠላ ሻጯ ሰጠቻት፣ ጫማዋን ጠረገችና ወጣች። ወዴት እንደሆነ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም። ለእንዲያ ያለው መውሰድ ቃሉን አላስተማረችንም ነበር። የበቅሎዬም እንዲሁ ቀረ።

አሁን የልጅ ልጆቼ ፈተና ሲደርስ ሌባውን ከነዓይነቱ እነግራቸዋለሁ፤ ከየት አመጣሽው እያሉ ይስቃሉ። ለፋሲካ ልጄ ፈረሰኛዋን ለኔ ያወጣልኛል። እምቢ አልልም። በጣቴ ቆራርሼ ለቤቱ ሴቶች ሁሉ አድላለሁ፤ አንዷን ቁራሽ ግን ሳህኑ ጠርዝ ላይ አቆያታለሁ። "ይቺ የማን ናት?" ይሉኛል። "የቲቸር" እላለሁ።