የከበሮው ኩባንያ እሺታ

አባቴ አሜሪካ መጥቶ የተቀጠረው ከበሮ ለመምታት ነው። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ ይስቃል፤ እኔም ድሮ ለማሳቅ ነበር የማወራው። አሁን የሚስቅ ሰው ሲያጋጥመኝ ግን ትንሽ ያናድደኛል፤ ጥፋቱ የሰሚው አለመሆኑን እያወቅሁም ቢሆን።

ሃውቶርን በምትባል ከተማ ውስጥ፣ ከኤርፖርቱ ብዙም ሳይርቅ፣ የአንድ የጃፓን ኩባንያ ዌርሃውስ፣ ትልቅ መጋዘን ነበር። ኩባንያው በየገበያ አዳራሹና በየመዝናኛ ቤቱ የሚቆሙትን ሳንቲም የሚጎርሱ ትልልቅ የጌም ማሽኖች ይሠራል። መኪና የሚያስነዱ፣ የሚያስተኩሱ፣ ዓሣ የሚያስጠምዱ ነበሩት፤ ስሙን ያስጠራው ግን የከበሮው ማሽን ነው። ከፊት ሁለት ትልልቅ ከበሮ፣ ከላይ ስክሪን። ዘፈኑ ሲጀምር በስክሪኑ ላይ የሚያልፈውን ምልክት እያዩ በዱላ መምታት ነው። ማሽኖቹ ተፈታትተው በመርከብ ይመጣሉ፤ እኛ እንገጣጥማለን፤ አባቴ ደግሞ የእያንዳንዱን ከበሮ ቆዳ ዙሪያውን እየመታ የማይሰማ ቦታ እንዳለው ይፈትሻል። ዘፈኑን ስለማይወደው ድምፁን ያጠፋና በመዝሙር ምት ይደልቀዋል። ከዌርሃውሱ ወዲያ ጫፍ ሆነን ሽቦ ስንሰካ ሳናውቀው አብረን እናንጎራጉር ነበር።

እሱ እኔን አስገባኝ፤ እኔ የቤተ ክርስቲያናችንን ልጆች አስገባሁ፤ እነሱ ዘመዶቻቸውን አመጡ። በጥቂት ዓመት ውስጥ የሠራተኛው ግማሽ የኛ ሰው ሆነ። ሥራ አስኪያጁ ከጃፓን የተላከ ቀጭን፣ ሁልጊዜ ግራጫ ሱፍ የሚለብስ ሰው ነበር። በየጠዋቱ ሰብስቦ ክንድና ወገብ እንድናፍታታ ያደርገናል፤ ቀጥሎ የኩባንያውን ታሪክ ይተርክልናል። መሥራቹ ከጦርነቱ በኋላ የልብስ ስፌት መኪና ጠጋኝ ነበሩ፤ ከዚያ ለበዓል ገበያ የሚሆን የዒላማ መተኮሻ ሠሩ፤ ከዚያ በኤሌክትሪክ የሚሠራ፤ ከዚያ ስክሪን ያለው። ታሪኩን ከመስማታችን ብዛት ከመካከላችን አንዱ ሥራ አስኪያጁን እያስመሰለ ሲተርክልን መሥራቹን የራሱ ዘመድ ያደርጋቸው ነበር። የሽማግሌው መሥራች ፎቶ ከመግቢያው በላይ ተሰቅሏል፤ አባቴ ሲገባ ጎንበስ ይልለታል። ለምን ብዬ ስጠይቀው፣ «እንጀራዬን የሰጠኝ እግዜር ነው፤ በማን እጅ እንደሰጠኝ ማወቅ ምን ይጎዳል?» አለኝ።

ጥሩው ዘመን ሲያልቅ ማንም አልነገረን፤ በዓይናችን ነው ያየነው። ማሽን ጭኖ የሚወጣው መኪና አነሰ፤ ጭኖ የሚመለሰው በዛ። ልጆች ጌም የሚጫወቱት ስልካቸው ላይ ሆነ፤ መዝናኛ ቤቶቹ እየተዘጉ ማሽኖቻቸውን መለሱልን። የተመለሱት ከበሮዎች በግቢው ፓርኪንግ ላይ በላስቲክ ተሸፍነው ተደረደሩ። መጀመሪያ የእንግዶችን ቦታ ያዙ፤ ቀጥለው የኛን። መኪናችንን መንገድ ላይ ፓርክ እያደረግን መግባት ስንጀምር ነገሩ ገባኝ። ጃፓን ያለው ዋናው መሥሪያ ቤት ለሌላ ኩባንያ ተሸጠ ተባለ፤ ገዢው ማሽን አይፈልግም፣ የጌሞቹን ስምና ሥዕል ለስልክ ብቻ ነው የሚፈልገው ተባለ። የጠዋቱ ታሪክ ቀረ። ክንድና ወገብ ማፍታታቱ ግን እስከ መጨረሻው አልቀረም።

ያን ጊዜ እናቴ ከመጣች ገና ብዙ አልቆየችም። ስኳር አለባት፤ አገር ቤት ሳለች ዓይኗን ጀምሮት ነበር። ሐኪሙ በመጀመሪያ ሌዘር፣ ቀጥሎ ኦፕራሲዮን ያስፈልጋል፤ ካቋረጣችሁ ግን ሁለቱም ዓይኖቿ ይጠፋሉ፣ የጠፋውን ደግሞ አልመልሰውም ብሎ በግልጽ ነገረን። ሌዘሩ ተጀመረ። የሚከፍለው የአባቴ የሥራ ኢንሹራንስ ነው። በአጭሩ የእናቴ ዓይን የተንጠለጠለው በዚያ ከበሮ ላይ ነበር።

በዚሁ መሃል ከቤተ ክርስቲያን የምናውቀው፣ ኤርፖርት የመኪና ማቆሚያ ሱፐርቫይዘር የሆነ ሰው ለአባቴ ቦታ አገኘለት። ኢንሹራንስ አለው፤ መልስ ግን ቶሎ ይፈልጋል። አባቴ «ላስብበት» አለው። እያሰበ ሳለ የኛ ሰው በሚሰበሰብበት ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ባለው ምግብ ቤት የዌርሃውሱ ሰዎች ተሰበሰቡ፤ እዚያም የማልረሳው ውሳኔ ተወሰነ። ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ሽማግሌ ይላክ ተባለ።

«ጃፓን ሽምግልና ምን ያውቃል?» አልኩ።

«ሰው አይደለም?» አሉኝ አንድ ጋሼ፣ የዌርሃውሱ የእንጨት ሥራ ክፍል ሰው። «ቤቱ ድረስ ሄደው የለመኑትን ሽማግሌ እምቢ የሚል ሰው የት አየሽ?»

ሦስት ሰው ተመረጠ፤ አባቴ፣ እኚህ ጋሼ፣ እና ኩባንያውን በዝና ብቻ የሚያውቁት አዛውንት ታክሲ ነጂ። ታክሲ ነጂው የተመረጡት ፌርፋክስ ላይ የለመኑላቸው ወንዶች ሁሉ ስላገቡ ነው። እኔ ደግሞ በአስተርጓሚነት ታዘዝኩ። ሴት ልጅ ሽምግልና ትሄዳለች እንዴ ብለው ሲያጉረመርሙ አባቴ፣ «እሷ ሽማግሌ አይደለችም፣ ሹፌር ናት» ብሎ ዘጋው።

ቅዳሜ ጠዋት ሄድን። ሦስቱም ሱፍ ለብሰው ነጠላ ደርበዋል። ሥራ አስኪያጁ በሩን ሲከፍት ደነገጠ፤ ቢሆንም ጎንበስ ብሎ አስገባን። ጫማ አወለቅን። ሚስቱ ወንበር አቀረበች። ሽማግሌዎቹ አልተቀመጡም።

አባቴ ተናገረ፤ እኔ አስተረጎምኩ። ኩባንያው የኛም ቤት ነው፣ የታመመ ያለበት አለ፣ ልጅ የሚያስተምር አለ፣ እንዳይዘጉብን ልንለምን መጣን አለ። ሰውየው እጁን አጣምሮ ሰማ፤ ሲያበቃ «እባካችሁ ተቀመጡ» አለ።

«እሺ ካላሉን አንቀመጥም» አሉ ታክሲ ነጂው።

እኔ ይህን በደንብ ነው ያስረዳሁት። በኛ ወግ ሽማግሌ የሚቀመጠው የመጣበት ጉዳይ እሺ ሲባል ነው፤ ከተቀመጠ ነገሩ ተፈጽሟል ማለት ነው፤ ካልተቀመጠ ቆሞ ውሎ ቆሞ ይሄዳል አልኩት። እንዲገባው ሁለት ጊዜ ደገምኩለት። ገብቶታል። ፊቱን አይቼ ገብቶታል ነው የምለው።

ሚስቱ ሻይ ይዛ መጥታ፣ ቆመው ስታያቸው ትሪውን እንደያዘች ወደ ጓዳ ተመለሰች። ታክሲ ነጂው ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ የወንበሩን መደገፊያ ይዘው እግራቸውን ይቀያይራሉ። አባቴ አይነቃነቅም። ግድግዳው ላይ የዌርሃውሱ መግቢያ ላይ ያለው የመሥራቹ ፎቶ ተሰቅሎ ነበር፤ አባቴ ዓይኑን ከሱ ላይ አልነቀለም። በመጨረሻ ሰውየው «እሺ» አለ። «እሺ። አዎ። እባካችሁ።»

ተቀመጡ። ሻዩ መጣ፤ መረቁት። እንደ ሙሽራ አባት መረቁት። ስንወጣ ታክሲ ነጂው «አለቀ!» ብለው መኪናዬን በእጃቸው ደበደቡት፤ ፌርፋክስ ተመልሰን ጥብስ ታዘዘ።

በማግስቱ ከጸሎት በኋላ የመኪና ማቆሚያው ሱፐርቫይዘር አባቴን ያዘው። «ታዲያ፣ ምን ወሰኑ ጋሼ? ሰኞ ካልጀመሩ ለሌላ ሰው ሊሰጡት ነው።»

«ይስጡት» አለ አባቴ።

መኪና ውስጥ ጮህኩበት። «አባዬ፣ ሰውየው ጨንቆት ነው እሺ ያለው! ኩባንያው የሱ አይደለም፣ ክሎዝ አድርግ ካሉት ያደርጋል። ውሰደው ሥራውን! ለእማዬ ስትል ውሰደው!»

«ሽማግሌ ሆኜ ቃል ተቀብያለሁ» አለ። «እሺ ብሎናል ብዬ ያንን ሁሉ ሰው ሥራ ከመፈለግ አስቁሜያለሁ። መጀመሪያ የምወጣው እኔ ከሆንኩ ምን ልባል ነው?»

«እማዬስ?»

«እሱ ቃሉን ሰጥቶኛል» አለኝ። ስሜን እንኳን አልጠራም።

ዌርሃውሱ የተዘጋው የዚያ ዓመት ዝናብ ሳያባራ ነው። ጠዋት እንደ ልማዳችን ክንድና ወገባችንን አፍታታን፤ ከዚያ የማናውቃቸው ባለከረባቶች ገቡና አበቃ አሉን። ሥራ አስኪያጁ ከኋላቸው ቆሞ ወለል ወለሉን ያያል። ለጥቂት ቀን ቀርታችሁ ማሽኖቹን ሰባብሩ ተባልን፤ ሌላ ሰው አስመስሎ እንዳይሠራቸው የኤሌክትሮኒክስ ቦርዱም ከበሮውም ከጥቅም ውጭ መሆን ነበረበት። ለአባቴ መዶሻ ሰጡት። ያን ሁሉ ዓመት እየዳሰሰ የፈተሻቸውን ከበሮዎች አንድ በአንድ ቀደዳቸው። እኔ ከወዲያኛው ጫፍ ሆኜ እሰማዋለሁ፤ መዝሙር አልነበረም፤ ምትም አልነበረውም። የእንጨት ክፍሉ ጋሼ ምሳ ሰዓት ላይ አባቴ አጠገብ አልተቀመጡም። ማንም አልተቀመጠም። የሰውየውን እሺታ ያመጣላቸው እሱ ነበርና።

ኢንሹራንሱ ከሥራው ጋር ሄደ። ኤርፖርት ስንጠይቅ ቦታው ተይዟል። አባቴ ሌላ ሥራ አላጣም፤ ሰዓቱ የጎደለ፣ ኢንሹራንስ የሌለው የጥበቃ ሥራ ነበር። እናቴን ነጻ ክሊኒክ አስመዘገብናት፤ ወረፋው ረጅም ነበር፤ ጠበቅን። እሷ አንድም ቀን አላማረረችም፤ ሁልጊዜ ደህና ነኝ ነው የምትለው፤ እኛም ማመን ስለፈለግን አመንናት። አንድ ከሰዓት በኋላ ስገባ መጽሐፍ ቅዱሷን ገልብጣ ይዛ ታነባለች። መዝሙረ ዳዊቱን በቃሏ ነበር የምትለው፤ እኛ እንዳንሰጋ ገጽ ሁሉ ትገልጥ ነበር። ቦርሳዬን እንደያዝኩ በሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ፤ ድምፅ ሳላሰማ፣ ምክንያቱም ጆሮዋ ደህና ነው። ወረፋችን ሲደርስ የክሊኒኩ ሐኪም አይታት፣ ቀስ ብላ ወንበሯን ወደኔ አዞረች።

አባቴ ከዚያ ወዲህ ፌርፋክስን በእግሩ አይረግጥም። ቤታችን ከዋናው መንገድ ጀርባ ነው፤ ዳቦ ለመግዛት እንኳ በጓሮ ጎዳና ዞሮ ሌላ ሰፈር ይሄዳል።

ከዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ሥራ አስኪያጁ ስልክ ደወለልኝ። ወደ አገሩ ሊመለስ ነው፤ አባትሽን ማየት እችላለሁ ወይ አለኝ። እምቢ ማለት ነበረብኝ ይሆናል። ግን ይየው፣ የእናቴን ዓይን ይየው ብዬ አድራሻችንን ሰጠሁት።

ቅዳሜ ጠዋት መጣ። ያው ግራጫ ሱፍ፣ በሁለት እጁ የያዘው፣ በወረቀት የተጠቀለለ የጣፋጭ ሳጥን። ጫማውን በር ላይ አወለቀ። አባቴ ወንበሩ ላይ ነበር፣ አልተነሳም፤ እናቴ ሶፋው ላይ። እኔ ወንበር አቀረብኩ። ሳጥኑን ወንበሩ ላይ አስቀመጠና ራሱ ቆመ።

«እቆማለሁ» አለኝ። «አባትሽ እሺ እስኪለኝ።»

ከዚያ እንድነግራቸው የፈለገውን ነገረኝ። «እናንተ ቤቴ የመጣችሁ ቀን መዘጋቱን አውቅ ነበር። ተነግሮኝ ነበር፤ እንዳልናገር ደግሞ ታዝዤ ነበር። ሽማግሌዎቹ ቆመው ሳያቸው አልቻልኩም። እሺ ያልኳቸው እንዲቀመጡ ብዬ ነው።»

ቃል በቃል ወደ አማርኛ መለስኩት። ቁጣዬ የት እንደገባ ጠፋኝ። አባቴ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ምንጣፉን ያያል።

«የጠፋው የኔ ዓይን ነው» አለች እናቴ በመጨረሻ። «ይቀመጡ በሏቸው።» ሶፋው ላይ ወደ ዳር ተጠጋችና ባዶውን ቦታ በእጇ መታ መታ አደረገችው።

ሰውየው ቃሉ ባይገባውም እጇን አየ። ቀጥሎ አባቴን አየ። ፈቃዱን የሚጠብቀው ከሱ ነበር። አባቴ ቀና አላለም። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ፤ ድምፅ ግን አልወጣውም። ሰውየው አልተቀመጠም፤ ወገቡን አጥፎ አጎነበሰና እንደዚያው ቀረ።

እናቴ ፊቷን ወደኛ አዙራ ጠበቀች። እጇ ገና ሶፋው ላይ ነው።

«ተቀመጡ?» አለች።

እኔ ልመልስ አፌን ስከፍት አባቴ ቀደመኝ።

«አዎ» አላት። «ተቀምጧል።»

«ተመስገን» አለችና ወደ ኋላ ተደገፈች። ሰውየው ግን እንዳጎነበሰ ቆሞ ነበር።